ስም ከመለጠፍሽ በፊት

ልጄ፣ ደግ ልብ እንዳለሽ አውቃለሁ። የምሰጋልሽም ለዚህ ነው። በቴሌግራም ግሩፓችሁ አንድ ሰው የተለየ ሐሳብ ባነሳ ቁጥር ሁሉም ይረባረብበታል። ላነሳው ነገር መልስ የሚሰጠው የለም። “ባንዳ” ይሉታል፤ “ተከፋይ” ይሉታል፤ ከዚያ ያስወጡታል። አንቺም ስድቡን ላይክ ታደርጊለታለሽ። ትንሽ ነገር መስሎሽ ነው። ትንሽ ነገር አይደለም፣ ልጄ።

የእኔ ትውልድ በዚህ አልፏል። በ1957 ዓ.ም. “መሬት ለአራሹ” ብለው ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች አንድ ድምፅ ነበራቸው። ከአብዮቱ በኋላ ግን ኢሕአፓና መኢሶን በሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ተለያዩ። ያነበቧቸው መጻሕፍት ያው ነበሩ፤ የሚያዝኑለትም ገበሬ ያው ነበር። አንዱ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ። ሌላው ሥልጣን ለያዘው ወታደራዊ ደርግ ሂሳዊ ድጋፍ እንስጥ አለ። ይህ ቁጭ ብለው የሚከራከሩበት ጉዳይ ነበር። በጋዜጣም ተከራክረውበታል። ክርክሩ ግን አልዘለቀም፤ ስም ቀደመው። አንዱ “አናርኪስት” ሲባል ሌላው “ባንዳ” ተባለ። እንዲህ የተባለን ሰው ማን ቆሞ ይሰማዋል? በ1969 ዓ.ም. ነገሩ ወደ ጥይት ሄደ። ደርግ በመጨረሻ ሁለቱንም ፈጃቸው። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብተሽ ፎቶዎቹን እያቸው። ብዙዎቹ የአንቺ እኩዮች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ እኔን አብልጦ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር አለ። ኢሕአፓ ውስጥ የድርጅቱን መስመር የጠየቁ አባላት “አንጃ” ተባሉ። አብረው ወረቀት ሲበትኑ ያደሩ ጓዶች እንደ ጠላት ተያዩ። የውጭውን ሰው አለመስማት የለመደ ጆሮ፣ ቆይቶ የቤቱንም ሰው አይሰማም።

ስድብ ሰው አይገድልም ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ወዲያው አይገድልም። ግን ልማድ ይሆናል። ዛሬ ላይክ ያደረግሽውን ቃል ነገ አንቺው ትናገሪዋለሽ። ደግሞስ ግሩፑ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደ ተሳዳቢዎቹ የሚያስቡ ይመስልሻል? ብዙዎቹ ተራው እንዳይደርሳቸው ፈርተው ዝም ያሉ ናቸው።

እባክሽ እንዲህ አድርጊልኝ። ከመጻፍሽ በፊት የሰውየውን ሐሳብ በራስሽ ቃል ድገሚው፤ እሱ ቢያነበው “አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው” እስኪል ድረስ። ከዚያ ተቃወሚው። አጥብቀሽም ቢሆን ተቃወሚው፤ አልከለክልሽም። ሲረባረቡበት ካየሽ ደግሞ “መጀመሪያ ይናገር፤ ከዚያ እንመልስለት” ብለሽ ጻፊ። ይህን ለማለት አታንሺም። አንቺንም ይሰድቡሽ ይሆናል፤ ያስወጡሽም ይሆናል። ይሁን። ዝም ካሉት አንዱ በውስጥ መስመር “እኔም እንደዚያ አስብ ነበር” ብሎ ይጽፍልሽ ይሆናል። አመስግኚውና በሚቀጥለው ጊዜ በሁሉም ፊት እንዲናገር ለምኚው።