ያማረ ሥዕልና እውነተኛ ሥዕል



ስለ ሐሰት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው ስለ አንደበት ነው። ነገር ግን አንድም ቃል ሳይናገሩ መዋሸት ይቻላልን? ይህን ጥያቄ ዛሬ ከወትሮው ራቅ ካለ ስፍራ፥ ይኸውም ፔት ስካን ከሚባለው የሕክምና መሣሪያ አንጻር ልንመለከተው ወደድን።

ራጅ በይበልጥ የአካልን ቅርጽ ሲያሳይ፥ ፔት ስካን የአካልን ሥራ ያሳያል። ለታማሚው ፍሎሪን 18 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የተያያዘበት ስኳር መሰል ፈሳሽ በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች ስኳርን አብዝተው ስለሚወስዱ ፈሳሹ በዚያ ይከማቻል። ከዚያም በተቃራኒ አቅጣጫ የሚወጡ ጥንድ ፎቶኖች በዙሪያው የተደረደሩትን መቀበያዎች ይመታሉ። ሁለቱ በጥቂት ናኖሴኮንድ ልዩነት ውስጥ ከደረሱ መሣሪያው ከአንድ ምንጭ እንደ ወጡ አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

እንግዲህ ልኩን የሚወስነው ሰው ነው። የጊዜው ገደብ እጅግ ቢሰፋ ዝምድና የሌላቸው ፎቶኖች እንደ ጥንድ ይቆጠራሉ፤ እጅግ ቢጠብም እውነተኞቹ ይጣላሉ። ፈሳሹ ቢጨመር ሥዕሉ የሚጠራ ይመስለን ይሆናል። ይሁን እንጂ መጠኑ እጥፍ ሲሆን እውነተኞቹ ጥንዶች ቢበዛ እጥፍ ሲሆኑ፥ የአጋጣሚዎቹ ግን ወደ አራት እጥፍ ይደርሳሉ። ሲበዛ ማር ይመራል እንዲሉ፥ ከልክ ያለፈው መጠን ለሥዕሉ ሳይጠቅም ታማሚውን ለተጨማሪ ጨረር ይዳርገዋል። የምርመራው ጊዜ ቢረዝም ደግሞ ሥዕሉ ይጠራል፤ ነገር ግን በሕመም ላይ ያለ ሰው ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሊተኛ አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የመጨረሻው ደረጃ ነው። የተሰበሰበው ቁጥር በኮምፒዩተር ስሌት ሥዕል ይሆናል። ስሌቱ በተደጋገመ ቁጥር ዝርዝሩ እየጎላ ይሄዳል፤ ከእርሱም ጋር ከንቱው ነጠብጣብ ይበዛል። ነጠብጣቡን ለማጥፋት ሥዕሉ እንዲለሰልስ ይደረጋል። የለሰለሰ ሥዕል ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን ጥቂት ሚሊሜትር የምታህል ዕጢ ከነጠብጣቡ ጋር አብራ ልትሰወር ትችላለች። ያልለሰለሰው ደግሞ በሌለበት በሽታ ያለ አስመስሎ ጤነኛውን ሊያስደነግጥ ይችላል።

አንዳንዶች፥ «ሥዕሉ ሁሉ በሰው ምርጫ የተሠራ ከሆነ እውነተኛ ሥዕል የሚባል የለም» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። መምረጥ መዋሸት አይደለም። ሐሰት የሚገባው ምርጫው ለታማሚው ጥቅም መሆኑ ቀርቶ ለማማር፥ ወይም ወረፋውን ቶሎ ለመጨረስ ሲሆንና ይህም ሲሰወር ነው። በሁለት ምርመራዎች መካከል ልኩ ሳይነገር ቢለወጥ፥ ዕጢው ሳይቀንስ የቀነሰ ሊመስል ይችላል። ማንም ሐሰት አልተናገረም፤ ሰውየው ግን ተታልሏል።

ስለዚህ በሙያው ያሉ ሰዎች አንድ መልካም ልማድ አላቸው። በውስጡ ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ሉሎች ያሉበትን ዕቃ፥ መጠኑ በታወቀ ፈሳሽ ሞልተው መሣሪያውን በእርሱ ይፈትኑታል። የአውሮፓ የኑክሌር ሕክምና ማኅበርም በ2010 በጀመረው መርሐ ግብር፥ የልዩ ልዩ ሆስፒታሎች ውጤት እርስ በርሱ እንዲነጻጸር በዚህ መንገድ ይሠራል። እውነቱ አስቀድሞ በሚታወቅበት ራሱን ያልፈተነ፥ እውነቱ በማይታወቅበት ሊታመን አይገባውም።

የነገሩ ክብደት ያለው በዚህ ላይ ነው፦ ልኩን የሚመርጠው አንዱ ሲሆን ዋጋውን የሚከፍለው ሌላው ነው። ተጋድሞ ውጤቱን የሚጠባበቀው ታማሚ ስለ ተመረጠለት ልክ የሚያውቀው የለም። እኛም ሪፖርት የምንጽፍ፥ ፈተና የምናርም፥ ስለ ሰው የምንመሰክር ሁሉ ሥዕል ሠሪዎች ነን። ሥዕላችንን ከማለስለሳችን በፊት፥ «የምናጠፋው ነጠብጣቡን ነው ወይስ ዕጢውን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።