የፈረሰ ካብ ምን ይናገራል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው። ሰዎች ለበጎ ሥራ ተሰብስበው የካቡት ድንጋይ ቢፈርስ፣ መፍረሱ የሚናገረው ምንድን ነው? እግዚአብሔር ሥራውን አልወደደውም ማለት ነውን? ከሠሪዎቹ መካከል ኃጢአተኛ አለ ማለት ነውን? ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ጥያቄው ለእኛ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ልጆች እንግዳ አይደለም። ቤታችን ድንጋይ፣ አጥራችን ድንጋይ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ድንጋይ፣ በተዳፋቱ እርሻ ላይ አፈሩን የሚይዘው እርከንም ድንጋይ ነው። በበጋ በደቦ የተካበው በክረምት ሲናድ ያላየ በመካከላችን የለም። ካቡ በተናደ ማግሥት የሚባለውንም ሰምተናል። አንዱ «አልተፈቀደልንም፤ እንተወው» ይላል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እገሌ ባይኖርበት ኖሮ» ይላል። የመጀመሪያው ቃል ሥራውን ይገድላል፤ ሁለተኛው ግን ሰውን ይገድላል።

ስለዚህ አስቀድመን ካቡን ራሱን እንጠይቅ። ያለ ጭቃ ድንጋይ የሚክብ ሰው የሥራ ሕግ አለው። አፈሩን ቆፍሮ ጠንካራ መሬት ሳያገኝ አይጀምርም። ትልልቁን ድንጋይ ከታች ያኖራል። እያንዳንዱን ድንጋይ በሁለት ድንጋዮች ላይ ያሳርፋል፤ መጋጠሚያው ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ከወረደ ካቡ በዚያው ይሰነጠቃልና። ረጃጅሙን ድንጋይ አግድም እያስገባ የውስጡንና የውጭውን ፊት ያያይዛል። መካከሉን በአፈር ሳይሆን በጠጠር ይሞላል፤ አፈር ውኃ ይይዛል፣ ጠጠር ግን ያሳልፋል። ካቡም ከፍ ባለ ቁጥር ጥቂት ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ያደርጋል።

ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ክረምቱ ጉድለቱን ፈልጎ ያገኘዋል። ዋልካ አፈር በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መሠረቱ በዋልካ ላይ ያረፈ ካብ በየወቅቱ ይነቃነቃል። መውጫ ያጣ ውኃ ከጀርባ ይገፋል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር በሚያልፈው ደጋችን ደግሞ የሌሊቱ ውርጭ በስንጥቅ የገባውን ውኃ ወደ በረዶ እየለወጠ ስንጥቁን ያሰፋዋል። እንግዲህ የፈረሰ ካብ በእርግጥ ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ስለ ጎረቤታችን ኃጢአት ሳይሆን ስለ መሠረቱ፣ ስለ ውኃው መውጫና ስለ አካካቡ ነው።

ይህን ያልኩት ከሃይማኖት ወጥቼ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንደምናነበው በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሞተው ነበር። ጌታችን እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተማረ፤ ሰሚዎቹንም ስለ ራሳቸው ንስሐ እንዲገቡ አሳሰባቸው። የሰዎቹን ጣት ከሙታን ላይ አንሥቶ ወደየልባቸው መለሰው። የወደቀውን ድንጋይ አንሥተን ወንድማችንን የምንወግርበት ከሆነ ከዚህ ትምህርት ርቀናል ማለት ነው።

«ታዲያ እግዚአብሔር ሥራን የሚያስቆምበት ጊዜ የለምን?» የሚል ይኖራል። አለ። የባቢሎን ግንብ ቆሟል፤ ሠሪዎቹ ያሰቡት የገዛ ስማቸውን ማስጠራት ነበርና። የዳዊት ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ቤተ መቅደስ ለመሥራት ያሰበው አሳብ መልካም ነበር፤ ሆኖም እንዳይሠራ በነቢዩ በናታን ተነገረው። ዳዊት አኩርፎ አልተቀመጠም። ድንጋዩን፣ ብረቱንና ዝግባውን አሰባስቦ ለልጁ ለሰሎሞን አዘጋጀ። ከዚህ የምንማረው እንቅፋት ብቻውን የፈቃድ ምልክት አለመሆኑን ነው። የምንሠራው ለማን ነው? በሥራው የሚበደል ሰው አለን? እነዚህን ጥያቄዎች ካቡ ሳይፈርስም ልንጠይቃቸው ይገባል። ካብ ቆመ ማለትም ሥራው ጽድቅ ነው ማለት አይደለም።

ነህምያን ተመልከቱ። የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሊሠራ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ንግግር አልነበረም፤ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ወጥቶ ፍርስራሹን መረመረ። ሰንባላጥና ጦብያ ዘበቱ፤ ፍርስራሹ በዛ፤ ተሸካሚዎቹ ደከሙ። ነህምያ ጸለየ፤ ጸልዮም ዘብ አቆመ፤ ሥራውንም ቀጠለ። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። ጸሎቱ ምርመራውን አልተካም፤ ምርመራውም ጸሎቱን አልተካም።

በአገራችንም ምስክር አለ። የኮንሶ ሕዝብ በድንጋያማው ተራራው ላይ ያለ ጭቃ እየካበ ከ400 ዓመት በላይ ኖሯል። እርከኖቹ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላሉ። መንደሮቹ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ የድንጋይ ቅጥር የተከበቡ ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ ስፍራውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህ ሁሉ ዛሬ የቆመው አንድም ቀን ድንጋይ ስላልወደቀ አይደለም፤ የወደቀውን የሚያነሣ ትውልድ ስላልጠፋ ነው።

ከድንጋይ ሥራ ሳንወጣ አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ ልጨምር። በፈረንሳይ አገር በሻርትር ካቴድራል ወለል ላይ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተነጠፈ ላቢሪንት የሚባል ጠመዝማዛ የድንጋይ መንገድ አለ። ከጠርዙ እስከ መካከሉ በቀጥታ ቢለካ ከ7 ሜትር አይበልጥም፤ በመንገዱ የሚሄድ ግን ወደ 260 ሜትር ይጓዛል። መካከሉ አጠገብ ደረስኩ ሲል መንገዱ ወደ ዳር ይመልሰዋል። ሆኖም መንገዱ አንድ ብቻ ስለሆነ መራመዱን ያልተወ ሁሉ ይደርሳል። ምሳሌው ያጽናናል፤ ነገር ግን እንዳያሳስተን እንጠንቀቅ። እያንዳንዱ ወደ ኋላ መመለስ የመንገዱ ክፍል አይደለም። አንዳንዱ የመጣው መሠረት ሳንቆፍር ስለጀመርን ነው፤ እርሱን «ፈተና ነው» ብሎ ማለፍ እውነትን መሸሸግ ነው። በአንድ ቦታ ደጋግሞ የሚናድ ካብም ቦታው ይለወጥ ማለቱ ሊሆን ይችላል። ቦታ መለወጥ ደግሞ ሥራ መተው አይደለም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የተናደብን የቅጥር ካብ ይሁን፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይሁን፣ የተጀመረ አገልግሎት ይሁን፣ ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ከመናገራችን በፊት እንደ ነህምያ በጸጥታ እንመርምር። ሁለተኛ፣ የሥራ ጉድለት ካገኘን ለሠራው ሰው በፍቅር ፊት ለፊት እንንገረው እንጂ ከኋላው አናንሾካሹክ። ሦስተኛ፣ መልሰን እንካብ። ካቢዎች የወደቀውን ድንጋይ አይጥሉትም፤ ለይተው፣ አገላብጠው፣ የሚስማማውን ቦታ ይፈልጉለታል። ከመካከላችን የወደቀውንም ወንድም እንዲሁ ብናደርገው፣ ቅጥራችን ቢዘገይ እንኳ ማኅበራችን አይፈርስም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።