ስሙ ማን ነው?

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችንን ጨርሰን ሻይ ስንጠጣ፣ ከወጣቶቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየን። ሰማያዊ ባሕር፣ ከኋላው ቅጠል የማይታይበት ቀይ ተራራ፣ በውሃው ላይ ደግሞ በትልቅ ካይት እየተሳቡ የሚንሸራተቱ፣ አንዳንዴም ብድግ ብለው አየር ላይ የሚንሳፈፉ ወጣቶች ይታያሉ። ቦታዋ ዳሃብ ናት። በግብፅ፣ በሲና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ስትሆን ስሟ በዐረብኛ «ወርቅ» ማለት ነው። ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙት ተራሮች መካከል እየተጨመቀ ስለሚያልፍ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አይለያትም። ስለዚህ በሸራና በካይት ውሃ ላይ መንሸራተት የሚወዱ ሰዎች ከሩቅ አገር ድረስ ለዕረፍት ይሄዱባታል። ቀን በነፋሱ ይጫወታሉ፤ ማታ ደግሞ የበረሃው ሰዎች፣ ቤዱዊኖቹ፣ እሳት አንድደው ሻይ ያፈሉላቸዋል።

«ጌታ ቢፈቅድ አንድ ቀን እዚህ እሄዳለሁ» አለ ባለ ስልኩ።

«ለነፋስ ይህን ሁሉ ገንዘብ? ይህማ ዓለማዊነት ነው» አለች ከእህቶቻችን አንዷ።

ሌላው ወንድም አላስጨረሳትም። «ሠርቶ ባገኘው ገንዘብ ቢዝናና ምን ኃጢአት አለው? አልሰረቀ፣ አልቀማ። ከፍሏል!»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አስተማሪ ነኝና መልስ ይጠበቅብኛል። «እስቲ ላስብበት» ብዬ አለፍኩት። ሳስብበት ሰነበትኩ፤ ይህ ጽሑፍ የዚያ ቀን መልሴ ነው።

በመጀመሪያ ለእህታችን። መዝናናት በራሱ ኃጢአት ነው ብዬ አላምንም። በመዝሙር 104 የእግዚአብሔርን ሥራ የሚዘረዝረው መዝሙረኛ ስለ እህልና ስለ ድካም ብቻ አያወራም፤ በሰፊው ባሕር ውስጥ ይጫወት ዘንድ ስለ ተፈጠረ ታላቅ ፍጥረትም ይናገራል። ባሕሩን ለጨዋታ ጭምር የፈጠረ አምላክ አንድ ወጣት በነፋስ ስለ ተደሰተ ፊቱን ያጠቁራል ብዬ አልገምትም። የገንዘቡ መጠን፣ ቤት ውስጥ የቸገረው ወንድም መኖር አለመኖሩ የራሱ ጥያቄ አለው። ደስታው ግን ስጦታ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የወንድማችን ቃል ነው፤ «ከፍሏል» ያለው። ሰው ለደስታ ብሎ ወደ ሌላ ሰው አገር ሲሄድ፣ የተጠየቀውን ዋጋ ከከፈለ ዕዳው አለቀ ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ ከሁለቱም ወገን ቆሜ አይቼዋለሁ። ፒያሳ ተወልጄ ያደግኩት ከጣይቱ ሆቴል ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። በእቴጌይቱ ዘመን የተከፈተው፣ የአገራችን የመጀመሪያ ሆቴል የሚባለው ይህ ቤት ሁልጊዜ የውጭ አገር እንግዳ አይጠፋበትም ነበር። አያቴ በክረምት ከመንገዱ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጣ በከሰል ማንደጃ በቆሎ ትጠብሳለች፤ እኔ በካርቶን አራግባለሁ። አንድ ቀን አንድ ረጅም ፈረንጅ መጣ። ጎንበስ ብሎ ፎቶ አነሳት፣ ዞሮ ደግሞ ከጎን አነሳት፣ ከዚያ ማንደጃው አጠገብ ብር አስቀምጦ ሄደ። ብሩ የብዙ በቆሎ ዋጋ ነበር። እኔ ዘለልኩ። አያቴ ብሩን በመቀነቷ ቋጠረችና ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ «ገንዘቡስ ደግ ነው። ግን ሰውዬው እንደምን ዋልሽ እንኳን ሳይለኝ ሄደ» አለች።

ያን ጊዜ አልገባኝም። ከፍሏል እኮ!

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በጥር 2011 ዓ.ም.፣ ሥራ ይዤ ጥቂት ገንዘብ ስቆጥብ ከጓደኞቼ ጋር ወደ አፋር ሄድኩ። በመቀሌ አድርገን፣ በበርሃሌ አልፈን ወደ ዳሎል ወረድን። ዳሃብን ያየ ሰው ይህንም ቢያይ ይገረማል። ዳሃብ በረሃው ባሕሩን የሚነካባት ከተማ ናት። የእኛው የዳሎል ሜዳ ደግሞ ባሕር የነበረ በረሃ ነው። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ ውሃው በፀሐይ ሲተን ጨዉ ቀረ። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዚያ ነጭ ሜዳ ላይ ሰዎች ጨዉን በእንጨት ፈንቅለው፣ በመጥረቢያ ጠርበው፣ በግመል ይጭናሉ። አያቶቻችን እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ ጨው ከዚህ ምድር ነው የወጣው።

አንድ የአፋር ሰው ተቀምጦ ጨው ይጠርባል። ዕድሜው ከአባቴ ጋር ይቀራረባል። እኔ ስልኬን አውጥቼ ብርሃኑ የሚያምርበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ሰውዬው መጥረቢያውን አስቀምጦ ቀና አለና አንድ ነገር ጠየቀኝ። አስጎብኚያችን ተረጎመልኝ፤ «ከየት መጣችሁ? በመንገዳችሁ ምን አያችሁ? ምን ሰማችሁ? ነው የሚለው።»

«ከአዲስ አበባ ነው በለው» አልኩ፣ ዓይኔን ከስልኩ ሳላነሳ።

ሰውዬው ትንሽ ጠበቀ። የቀረውን መልስ እየጠበቀ እንደነበረ የገባኝ በኋላ ነው። መልስ ሲያጣ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ በአስጎብኚው እጅ 50 ብር ሰጠሁትና ሄድኩ። ፎቶው በጣም ጥሩ ወጣ።

ከተመለስኩ በኋላ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ምስክርነት ሰጠሁ። ፎቶውን በፕሮጀክተር አሳይቼ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ሥራው ክብደት ከተናገርኩ በኋላ፣ «እዚያ ስላልተወለድኩ ጌታን አመሰገንኩ፤ እኛ እኮ ምን ያህል ተባርከናል!» አልኩ። «አሜን» ተባለ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ አንዲት ጸሎተኛ እናት ወደ እኔ መጡና እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ያ የሚሠራው ሰውዬ ስሙ ማን ነው? ልጸልይለት ብዬ ነው።»

አላውቀውም። አልጠየቅኩትም።

በዚያች ሌሊት ሉቃስ 18ን አነበብኩ። ፈሪሳዊው ወደ ቤተ መቅደስ የወጣው ሊሳደብ አይደለም። ያመሰግን ነበር፤ ምስጋናውን ያቆመው ግን በሩቅ በቆመው ሰው ላይ ነው። ቀራጩን እንደ መሰላል ተጠቅሞበታል። እኔም ያንን የአፋር ሰው በመጀመሪያ ለፎቶ፣ ቀጥሎ ለምስጋናዬ ተጠቀምኩበት። ለሁለቱም የከፈልኩት 50 ብር ነው። አያቴን ያለ ሰላምታ አንስቷት የሄደው ፈረንጅ ምስጋና እንኳን አልሠራባትም።

ስለ አፋሮች ዳጉ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ሁለት ሰዎች በበረሃ ሲገናኙ ዝም ብሎ መተላለፍ የለም። ሰላም ይባባላሉ፤ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። ወሬውን የሚናገረው ሰው በትክክል ሊናገር ይገባዋል፤ የሰማውም ለሚቀጥለው ያደርሳል። ውሃና ሣር በሚርቅበት አገር ወሬ ሕይወት ነው። ሰውዬው እኔን ሲጠይቀኝ ጨዋታ መፈለጉ ብቻ አልነበረም። እንደ ሰው፣ ዓይቶ ሊመሰክር እንደሚችል መንገደኛ ቆጥሮኝ ነበር። እኔ ግን እንደዚያ አልቆጠርኩትም።

ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያለ ይመስለኛል፤ ጎብኚና እንግዳ። ጎብኚ ያያል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። እንግዳ ግን ይታያል፣ ይጠየቃል፣ ይመልሳልም። የጎብኚ ዕዳ በገንዘብ ይዘጋል፤ የእንግዳ ዕዳ ግን ሰው ለሰው ያለበት ስለሆነ በገንዘብ አይዘጋም። ዋጋው የሻዩን፣ የግመሉን፣ የማደሪያውን ሒሳብ ይዘጋል። ሻዩን የቀዳውን ሰው አይቶ እንዳላዩ የማለፍ መብት ግን አይገዛም፤ እንዲህ ያለ መብት የሚሸጥ የለምና።

ዳሃብ ባለችበት አካባቢ የሆነ አንድ ታሪክ አለ። ሙሴ ከፈርዖን ሸሽቶ ወደ ምድያም ሲገባ የበረሃ እረኞች እንግዳ ሆነ፤ እንጀራቸውን በላ፣ ልጃቸውን አገባ፣ መጻተኝነቱንም በልጁ በጌርሳም ስም አስቀመጠ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ሕዝቡን ይዞ ሲወጣ አማቱ ዮቶር ሊጠይቀው መጣ። ዘጸአት 18ን በዳጉ ዓይን አንብቡት። ሙሴ ወጥቶ ሰገደለት፣ ሳመው፤ እርስ በርሳቸው ደህንነታቸውን ተጠያየቁ፤ ወደ ድንኳኑ ገቡ። ከዚያ ሙሴ በግብፅ የሆነውንና በመንገድ ያገኛቸውን መከራ ሁሉ ነገረው። ዮቶርም ሰምቶ ደስ አለው፤ በማግስቱም ሙሴን መከረው፣ ሙሴም ምክሩን ተቀበለ። ባሕር ሲከፈል ያየ ነቢይ ከበረሃ ሽማግሌ ለመማር አልከበደውም። የእግዚአብሔር ሥራ የተመሰከረው በሰላምታና በመጠያየቅ በኩል ነው። እኛ ግን አንዳንዴ ሰላምታውን ዘለን ምስክርነቱን ብቻ እንፈልጋለን።

ወንድማችን እዚህ ላይ ይከራከረኛል፤ ክርክሩም እውነት አለው። «ለድሃው የሚጠቅመው ገንዘቡ ነው። ሰላምታ አይበላም» ይለኛል። ልክ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ ቀጥሎም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ጎብኚን ሲያስቀር፣ ምግብ አብሳዩም፣ ሾፌሩም፣ አስጎብኚውም ገቢ አጥተዋል። አያቴም ብሩን አልመለሰችም፤ በዚያ ብር ዳቦ በልተናል። ስለዚህ ክፈሉ፤ ሳትከራከሩ፣ በአግባቡ ክፈሉ። ግን አያቴ «ደግ ነው» ካለች በኋላ «ግን» አለች። ድሃ ስለሆነች ያ «ግን» አይገባትም የሚል ካለ፣ ድሃን በሆዱ ብቻ የሚያይ እሱ ነው።

«ታዲያ ካገኘሁት ሰው ሁሉ ጋር ልወዳጅ?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። አይቻልም፤ አልተጠየቃችሁምም። የምላችሁ ትንሽ ነገር ነው። የምትሄዱበትን አገር ሰላምታ ተምራችሁ ሂዱ። ከፎቶ በፊት ጠይቁ፤ «አይሆንም» የሚል ካለ ስልኩን መልሱ። ስትጠየቁ ስልኩን አስቀምጡና በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ። ስትመለሱም በሰው ድህነት ላይ የቆመ ምስጋና ይዛችሁ አትምጡ። አንድ ስምና ያ ሰው የነገራችሁን አንድ ወሬ ይዛችሁ ኑ።

ዛሬ አያቴ የለችም። ማንደጃዋ የነበረበት ሰፈርም የለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማው ዳርና ዳር ተበታትነዋል። አሁን ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት አለ፤ ማታ ማታ ወጣቶች መጥተው ፎቶ ይነሳሉ። ያምራል፤ እኔም ተነስቼበታለሁ። ግን በዚያ ሳልፍ አንድ ሰው አስቁሞኝ «እዚህ ማን ይኖር ነበር?» ቢለኝ ብዬ እመኛለሁ። የምነግረው ብዙ ነገር አለኝ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በርሃሌ ደርሶ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ መፈናቀሉን ስሰማ ስልኬን ከፍቼ ያንን ፎቶ ፈለግኩ። ፊቱ በደንብ ይታያል፤ በጢሙ ላይ ያለው የጨው ብናኝ ሳይቀር ይታያል። ደህንነቱን ልጠይቅ ፈለግኩ። ግን ማን ብዬ፣ የማን ልጅ ብዬ፣ ለማን ደውዬ? «ምን አያችሁ? ምን ሰማችሁ?» ብሎ የጠየቀኝን ሰው ወሬ ዛሬ የምጠይቅበት መንገድ የለኝም።

እኚያ እናት እስከ ዛሬ «የጨዉ ሰውዬ» እያሉ ይጸልዩለታል። ጌታ ስሙን ያውቀዋል። እኔም ማወቅ እችል ነበር።