የልጅህን ግራ እጅ ፍታለት

ልጄ፣ ትናንት ከመሐል ሜዳ ገበያ ስመለስ ቤትህ ገብቼ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ልጅህ ግራ እጁ በበግ ፀጉር ክር ከወገቡ ጋር ታስሮ፣ በቀኙ ቆሎ ሊዘግን ሲሞክር ግማሹ መሬት ይረግፍ ነበር። ክሩ ያረፈበት አንጓው ቀልቷል። «አባባ፣ ግራኝ ሆኖ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው» አልኸኝ። ለክፋት እንዳላደረግኸው አውቃለሁ። እኔም አስተማሪ ሳለሁ ከስንቱ ልጅ ግራ እጅ ጠመኔ ነጥቄ በቀኙ አስጨብጫለሁ፤ ዛሬም ይጸጽተኛል።

ነገሩ ከእጁ አይደለም። ቀኝ እጅን የሚያዘው የአንጎል ግራ ወገን ነው፣ ግራውን ደግሞ ቀኙ። እጅን ማሰር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ዝንባሌውም የሚጀምረው ገና በማኅፀን ነው። በቤልፋስት ተመራማሪዎች ማኅፀን ውስጥ አውራ ጣት ሲጠቡ በአልትራሳውንድ ያዩአቸውን 75 ልጆች ካደጉ በኋላ ፈልገው አገኟቸው። ቀኙን ይጠቡ የነበሩት 60ው ሁሉም በቀኝ የሚሠሩ ሆኑ፤ ግራውን ከጠቡት 15 ውስጥ 10ሩ ግራኝ ሆኑ። አምስቱ ወደ ቀኝ ዞረዋልና በማኅፀን የታየው ሁሉ ይጸናል አልልህም። ግን ገመድ ሳይታሰብ በፊት የተጀመረ ነገር ነው።

«ከማን ወረሰው?» እያልህ ሚስትህን አታስጨንቃት። ዘር ድርሻ አለው፣ ብቻውን ግን አይወስንም። ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አንዱ ግራኝ ሌላው ቀኝ ሲሆኑ ይታያል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? በዓለም ላይ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው። ጥፋተኛ ፍለጋው ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ስሙ እንደሚከብድህም ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ ልብነ ድንግልን ድል የነሣው ኢማም አሕመድ ግራኝ ስለተባለ፣ ቃሉ በአገራችን የጦርነት ስም ሆኖ ቀረ። ልጅህ ግን የዚያ ዘመን ዕዳ የለበትም። መጽሐፈ መሳፍንትን ግለጥ፤ እስራኤልን የታደገው የጌራ ልጅ ናዖድ ግራኝ ነበር። (የኛ የመንዙ ጌራ አይደለም፣ ስም ገጥሞ ነው።) እዚያው መጽሐፍ ላይ ወንጭፋቸው ዒላማ የማይስት 700 ግራኞች ታገኛለህ። ጭላዳ ከጓሳ ወርዶ ገብስህን ሲፈጅብህ የዚህ ልጅ ወንጭፍ በየትኛው እጅ እንደተወነጨፈ ትጠይቃለህ?

መሶብ ሲቀርብ በቀኝህ ብላ ማለትህን አልነቅፍም። ያ ሥርዓት ነው፣ ሳይመታ ቀስ እያለ ይለምደዋል። እርሳሱን ግን ተውለት። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ የግራኝ መዳፍ የጻፈውን ይጠርገዋል፤ የደብተሩን ራስ ወደ ቀኝ አዘንብል፣ እጁንም ከመስመሩ በታች አሳርፍለት። አድጎ ለአጨዳ ሲደርስም በደቦው ረድፍ ግራ ጫፍ ላይ አሰልፈው፤ ማጭዱ ከጎረቤቱ እጅ ጋር አይጋጭም።

ዳኛ እንኳ ግራ ቀኙን ሳይሰማ አይፈርድም፤ አንተ ግን የልጅህን ግራ ሳትሰማ ፈረድህበት። ዛሬ ማታ ምድጃ ዳር ሲቀመጥ ክሩን በገዛ እጅህ ፍታለት፣ አንጓውንም ቅቤ ቅባለት።