ቤትን በጎማ ላይ ስለማቆም ለወጣቶች የቀረበ ምክር

በተሽከርካሪ ቤት መኖር ማለት ቋሚ መኖሪያን ለቆ፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ መጸዳጃና የውሃ ታንከር በተገጠመለት መኪና ወይም መኪና በሚጎትተው ተሳቢ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ መኖር ሲሆን፣ አኗኗሩ በተለይ በአሜሪካ ሥር ሰድዷል። አሜሪካውያን አርቪ የሚሉት ይህ ቤት አውቶቡስ ከሚያህለው አንሥቶ በቫን ውስጥ እስከሚሠራው ድረስ ብዙ ዓይነት አለው፤ ኑሮውን የሚመኝ ወጣትም ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በዚሁ ምርጫ ላይ ነው። ይሁንና መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው። የከተማ ነዋሪ ውሃ የሚያመጣለት፣ ፍሳሹን የሚወስድለት፣ ደብዳቤውን የሚያደርስለትና በጎረቤት መካከል የሚያኖረው ሥርዓት አለው፤ ቤቱን ለቆ የወጣ ሰው ግን አራቱንም በራሱ ጥረት ማሟላት ስላለበት፣ ከመግዛቱ በፊት ተከራይቶ፣ በተለይም በብርድና በዝናብ ወቅት፣ ራሱን መፈተኑ የግድ ነው።

ከፍሳሽ መጀመር ለጆሮ ባይጥምም ለጀማሪ የሚበጀው እሱ ነው። በቤቱ ወለል ሥር እንደ ደንቡ ሦስት ታንከሮች አሉ፤ አንዱ ንጹሕ ውሃ ይይዛል፣ ግራጫ የሚባለው ከሻወርና ከወጥ ቤት የሚወርደውን ይቀበላል፣ ጥቁር የሚባለው ደግሞ የመጸዳጃውን ያጠራቅማል። ጀማሪ ቱቦውን ከካምፑ የፍሳሽ መስመር ጋር ካገናኘ በኋላ ሥራ የቀለለለት መስሎት የጥቁሩን ታንከር መዝጊያ ከፍቶ ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ፈሳሹ ቀድሞ እየወረደ ጠጣሩ ወለሉ ላይ ይደርቅና በቀላሉ የማይፈርስ ክምር ይሆናል። ስለዚህ መዝጊያው ታንከሩ ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲለቀቅም ጥቁሩ ይቀድማል፣ ግራጫው ይከተላል፣ ምክንያቱም ኋላ የሚመጣው የሳሙና ውሃ ቱቦውን እያጠበ ይወርዳል። የመጠጥ ውሃ ቱቦ ከፍሳሽ ቱቦ ጋር በአንድ ሣጥን እንደማይቀመጥ መናገር አያስፈልግም ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን የሚያስቀምጡ አሉ።

ክብደትም ይታሰብበት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን 300 ሊትር ሞልቶ የሚነሣ ሰው 300 ኪሎ ጭኖ መንገድ ጀምሯል፤ ይህም በፍሬኑና በጎማው ላይ ይወድቃል። የተሽከርካሪ ቤት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ያረጃል፤ በጎማው ጎን ላይ ከታተመው መለያ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ስለሚያሳዩ፣ 2319 የሚል የተገኘበት ጎማ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሻጭ ጥርሱን እያሳየ ሲያመሰግን ገዢ ጎንበስ ብሎ ይህን ቁጥር ያንብብ።

አድራሻን በሚመለከት፣ በአሜሪካ ሕግ ፊት መንገድ ላይ የሚኖር ሰውም የአንድ ክፍለ ግዛት ነዋሪ መሆን አለበት፤ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ሰሌዳ፣ ኢንሹራንስና ግብር ሁሉ በዚያ ላይ ይመሠረታሉ። በዚህ ምክንያት ብዙዎች በደመወዝ ላይ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር የሌለባቸውን ቴክሳስን፣ ፍሎሪዳንና ደቡብ ዳኮታን ይመርጣሉ፤ ደብዳቤያቸውንም እየሰበሰበ ወዳሉበት የሚልክ ድርጅት ይቀጥራሉ። በ1978 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና ማዕከሉ በሊቪንግስተን፣ ቴክሳስ የሆነው እስኬፒስ የተባለው የባለተሽከርካሪ ቤቶች ማኅበር በዚህ አገልግሎቱ ይታወቃል። በአሜሪካ የሚኖሩና ገና ዜግነት ያላገኙ ወጣት ኢትዮጵያውያን ግን እዚህ ላይ ከሌላው ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው አድራሻ ሲለውጥ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ ግዴታው ነው፣ የዜግነት ማመልከቻም በሚያስገባበት አካባቢ ቢያንስ የሦስት ወር ነዋሪነትን ይጠይቃል። ጉዳዩ ያላለቀለት ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ቢነሣ ይሻለዋል። የጤና ኢንሹራንስም ቢሆን ከ65 ዓመት በታች ላለ ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ክፍለ ግዛት ሐኪሞች የተወሰነ ስለሆነ፣ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ለታመመ ሰው ከድንገተኛ ሕክምና ያለፈ ጥቅም ላይሰጥ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ኑሮውን የሚያዘልቀው ሰው ነው፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባል በየሁለት ሳምንቱ ጎረቤት ለሚለውጥ ሰው ይበልጥ ይሠራል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የምትሆነው በአሪዞና በረሃ ያለችው ኳርትዝሳይት የተባለች ትንሽ ከተማ ናት። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሚያስተዳድረው ክፍት መሬት ላይ እንደ ደንቡ በ28 ቀን ውስጥ ከ14 ቀን በላይ በአንድ ስፍራ መስፈር አይፈቀድም፤ በዚህች ከተማ ዙሪያ ግን ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ፣ ለብዙ ዓመታት 180 ዶላር ሆኖ በቆየ ክፍያ፣ የብርዱን ወራት በሙሉ መስፈር የሚቻልበት ቦታ ስላለ፣ ከሰሜኑ ብርድ የሸሸ ሕዝብ ይሰበሰብባታል። (በከተማዋ መቃብር ከሁሉ የሚጎበኘው በ1856 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ጦር ከመጡ ግመሎች ጋር የመጣው የሐጂ አሊ መቃብር ነው፤ በላዩ በድንጋይ የተገነባ ፒራሚድ፣ በፒራሚዱ ጫፍም የግመል ምስል አለ፤ ለመንገደኛ ከተማ የሚገባ ሐውልት ነው።)

በእንዲህ ያለው ሰፈር አዲስ መጤ ተሳቢውን ወደ ኋላ እያስገባ ሲቸገር ካዩ፣ አንድ የማያውቃቸው ሽማግሌ ወንበራቸውን ትተው በጎን መስታወቱ ሊታዩ በሚችሉበት ቦታ ይቆሙና በእጃቸው ይመሩታል። ሾፌሩ ማወቅ ያለበት አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ የሚመራውን ሰው በመስታወት ማየት ካልቻለ ወዲያው ይቁም። ባልና ሚስት በዚህች የአሥር ደቂቃ ሥራ እንደሚጣሉ በሰፊው የታወቀ ስለሆነ፣ ምልክቶቹን አስቀድመው ይስማሙ፤ በአሜሪካ የረጅም ርቀት ጭነት የሚያመላልሱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሾፌሮች ግን ይህን ፈተና ከሌላው ቀድመው አልፈውታል። ሲመሽ ሁሉም የየራሱን ወንበርና ኩባያ ይዞ እሳት ዙሪያ ይቀመጣል፤ ስለ መጣበት መንገድ መጠየቅ ወግ ነው፣ ለምን ቤቱን እንደለቀቀ መጠየቅ ግን ነውር ነው፣ ምክንያቱም ከተቀመጡት አንዱ ጡረታውን ሊዝናናበት ሲወጣ ሌላው በ2008 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ቀውስ ቤቱን ያጣ ሊሆን ይችላል። የጄሲካ ብሩደር ኖማድላንድ የተባለው መጽሐፍ (2017 እ.ኤ.አ.) የእነዚህን የኋለኞቹን ኑሮ መዝግቧል። ፈልጎ የወጣና ተገፍቶ የወጣ በአንድ እሳት መሞቃቸው እውነት ነው፤ ኑሯቸውን አንድ አድርጎ መቁጠር ግን ስሕተት ነው፣ ወጣቱም ራሱን ከየትኛው ወገን እንደሚቆጥር በሐቅ ሊመልስ ይገባዋል።

በቡድን የመጓዝን ጥቅም ከአሜሪካ ውጭ ያሳየ ጉዞም አለ። ኤርስትሪም የተባሉትን ባለ አሉሚኒየም ተሳቢዎች ያመረተው ዋሊ ባያም በ1959 እ.ኤ.አ. 41 ተሳቢዎችን አሰልፎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ሲጓዝ በኢትዮጵያ አልፏል፤ በአዲስ አበባም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተቀብለውታል። ለጠፍጣፋ አስፋልት የተሠራ ቤት በዚያ ዘመን የአፍሪካ መንገድ ላይ የደረሰበትን መገመት አይከብድም፤ ብቻውን የወጣ ቢሆን መንገድ ላይ በቀረ ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ቤቱ እንደ መሬት ዋጋ አይጨምርም፣ ከሻጩ ግቢ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቀንሳል እንጂ፤ በብድር የገዛ ሰው ዋጋው ካሽቆለቆለ ንብረት ጋር ዕዳውን ይዞ ይጓዛል። በዚህ ኑሮ የሚገኘው ሥራም ወቅታዊ ነው። በካምፕ ተቆጣጣሪነት የሚያገለግል ሰው በሚሠራው ሰዓት ፋንታ የመስፈሪያ ቦታ በነፃ ያገኛል፤ በኦክቶበር ደግሞ ወደ ሰሜን ዳኮታና ሚኔሶታ ወጥቶ፣ ስኳር በሚመረትበት የቀይ ሥር ዝርያ አዝመራ ላይ በቀን ወይም በሌሊት ተራ 12 ሰዓት የሚሠራ አለ። ገንዘቡ ደህና ነው፣ ብርዱና ጭቃው ግን ዋጋውን ይወስዳል።

የበረሃውን አደጋ የቆላ ልጅ ያውቀዋል፤ ደመና በሌለበት ቀን እንኳ ሩቅ ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ ደረቁን ወንዝ በድንገት ሊሞላው ስለሚችል፣ አሸዋው ቢለሰልስም በወንዙ ሆድ ውስጥ አይሰፈርም። የጥላ ሸራን ዘርግቶ መተኛትም ሌሊት በሚነሣ ነፋስ ሸራውን ከነብረቱ ማስገንጠል ነው።

ወጣት የማያስበው፣ ያረጁት ግን ዘግይተው የሚያስቡት የመንዳት ዘመን ማብቂያን ነው። እስኬፒስ በሊቪንግስተን፣ መንዳት ያቃታቸው አባላት ከተሽከርካሪ ቤታቸው ሳይወጡ ምግብና ወደ ሐኪም የመመላለሻ አገልግሎት የሚያገኙበት ማዕከል አለው፤ እንዲህ ያለው ስፍራ ግን ብዙ አይደለም። ስለዚህ ተሽከርካሪው ከመገዛቱ በፊት ባልና ሚስት፣ ወይም ብቸኛው ሰው ከቅርብ ዘመዱ ጋር፣ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ሊያሰፍሩ ይገባል፦ ዓይን ወይም ጉልበት ሲደክም ማን እንደሚነዳ፣ ቤቱ በየት አገር በማን ግቢ እንደሚቆም፣ እንዲሁም አፓርታማ ለመከራየት የሚያስፈልገው የቅድሚያ ክፍያ ለሌላ ጉዳይ በማይነካ የባንክ ሒሳብ መቀመጡን።