ርስቱ የማን ነው?

እስራኤል ዘሥጋ በእግዚአብሔር አሳብ ውስጥ ዛሬም ስፍራ አለውን? ወይስ ቤተ ክርስቲያን ስፍራውን ፈጽማ ወርሳለች? ጥያቄው የሊቃውንት ብቻ ቢመስልም፣ መልሱ ሰው ጎረቤቱን የሚያይበትን ዓይን ይለውጣል።

በሁለተኛው ምእት ዓመት ሰማዕቱ ዮስጢኖስ እውነተኛው እስራኤል የክርስቲያኖች ማኅበር እንደ ሆነ አስተማረ፤ ትምህርቱም ለብዙ ዘመናት ጸንቶ ኖረ። በኢትዮጵያም ክብረ ነገሥት ታቦተ ጽዮን ከኢየሩሳሌም መምጣቷን ሲተርክ፣ የምርጫው ክብር አብሯት እንደ መጣ ይናገራል። ቤተ እስራኤላውያን ግን በዚያው ምድር ለዘመናት ርስት ተነፍገው ኖሩ፤ ትውፊት ይህን ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን (1414–1429 እ.ኤ.አ.) ጋር ያያይዘዋል። የመንፈስ ርስት ክርክር የመሬት ርስት ነጠቃ ሆነ።

ጳውሎስ ግን በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 11 አሕዛብን በወይራ ግንድ ላይ ከገባ የበረሓ ወይራ ጋር ያመሳስላል። ሕይወቱን ከሥሩ የሚቀዳ ቅርንጫፍ በተሰበሩት ላይ የሚታበይበት ምክንያት የለውም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. አይሁድ የተረገሙ ሕዝብ ተደርገው እንዳይቀርቡ ሲያስተምር ይህንኑ ምዕራፍ ጠቅሷል። ደግሞስ እግዚአብሔር ለአብርሃም የገባውን ኪዳን የሚያጥፍ ከሆነ፣ ክርስቲያኑ በምን ይታመናል?

ምርጫ ግን ከፍርድ አያስመልጥም። አሞጽ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ ልጆች ጋር ያስተካከለው (9፥7) ምርጫቸውን ተመክተው ድኻውን በበደሉበት ዘመን ነው። ስለዚህ የእስራኤል ዘሥጋን ስፍራ ማክበር የየትኛውንም መንግሥት ሥራ ሁሉ ማጽደቅ አይደለም። በሌላው መውደቅ የሚመካ ወራሽም የወረሰው ጸጋ መሆኑን ዘንግቷል።