የማይናገር ሰው ሰው አይደለምን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጅዋን እጁን ይዛ ወደ ቁምስናችን የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል መጣች። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ የሚነገረውን ማስተዋሉንም እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር አልነበረም። ካቴኪስቱ ምን እናድርግ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «ጥያቄውን ሊመልስ ስለማይችል ለጊዜው ቤቱ ይቆይ» አልሁት። መልሴ ጥበብ ያለበት መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የአይሁድን ጥንታዊ ትምህርት ስለ ፍጥረት ሳነብ ያገኘሁት አንድ ታሪክ ያንን መልስ እንደ ገና እንድመረምር አስገደደኝ።

በአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ከቀደሙት ድርሳናት አንዱ «ሴፌር ዬጺራ»፣ ማለትም የአፈጣጠር መጽሐፍ ይባላል። ገጹ ጥቂት ቢሆንም ክብሩ ታላቅ ነው፤ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሊቁ ሳዓድያ ጋኦን ትርጓሜ ጽፎለታል። ድርሳኑ እግዚአብሔር ዓለምን በ32 የጥበብ መንገዶች እንደ ፈጠረ ያስተምራል፤ እነርሱም 10 «ሴፊሮት»ና 22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ናቸው። አሳቡ እንግዳ ቢመስልም ሥሩ በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ተናገረ፣ የተናገረውም ሆነ። ዓለም በቃል ከተፈጠረ፣ ቃል የሚታነጽባቸው ፊደላት የፍጥረት ድንጋዮች ናቸው ማለት ነው።

ከዚህም አንድ አስጨናቂ ጥያቄ ይወለዳል። ፊደላትን ማቀናበር የሚያውቅ ጻድቅ ሰው ሕይወትን መፍጠር ይችላልን? ታልሙድ ሳንሄድሪን በተባለው ክፍሉ፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በባቢሎን የኖረ ራቫ የሚባል መምህር ሰው ፈጥሮ ወደ ረቢ ዜራ እንደ ላከው ይተርካል። ረቢ ዜራ አነጋገረው፤ ፍጡሩ ግን አልመለሰለትም። በዚያን ጊዜ የባልንጀሮቹ እጅ ሥራ መሆኑን ዐውቆ ወደ ትቢያው እንዲመለስ አዘዘው። የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ፍጡር «ጎሌም» አሉት። በኋለኛው አፈ ታሪክ በግንባሩ ላይ «ኤሜት»፣ ማለትም እውነት፣ ተብሎ ይጻፍበታል፤ የመጀመሪያዋ ፊደል አሌፍ ስትፋቅ ግን «ሜት» ብቻ ይቀራል፤ ትርጉሙም የእኛው «ሞተ» ነው።

እንግዲህ ሰውን ሰው የሚያሰኘው ንግግር ነውን? ብርቱ ማስረጃ ያለ ይመስላል። ኦሪትን ወደ አራማይስጥ የተረጐመው ኦንቄሎስ፣ አዳም ስለ ተቀበለው ሕይወት የሚናገረውን ቃል (ዘፍ. 2፥7) ተናጋሪ መንፈስ ብሎ ፈታው። የሀገራችንም አበው ነፍስን ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ይሏታል፤ ነባቢት ማለትም ተናጋሪ ማለት ነው። ታዲያ የዚያ ልጅ ነፍስ ጐደሎ ናትን?

በ1718 እ.ኤ.አ. ያረፈው የአይሁድ ሊቅ ጽቪ አሽኬናዚ፣ ጎሌም ለማኅበር ጸሎት ከሚያስፈልጉት 10 ሰዎች እንደ አንዱ ይቈጠራልን የሚል ጥያቄ መርምሮ፣ አይቈጠርም ብሏል። ምክንያቱን ግን አስተውሉ። ረቢ ዜራ በነፍስ ግድያ ያልተጠየቀው፣ ደም ማፍሰስን የሚከለክለው ሕግ (ዘፍ. 9፥6) በእናት ማኅፀን ስለ ተሠራ ሰው የሚናገር በመሆኑ ነው ይላል። እንግዲህ ዝምታው ረቢ ዜራ የፍጡሩን ምንጭ ያወቀበት ምልክት ነው እንጂ ሰውነትን የሚያሳጣ ምክንያት አይደለም። እኔ ምልክቱን እንደ ምክንያት ቈጥሬ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው። «ጎሌም» የሚለው ቃል በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመዝሙር 138 (139)፥16 ላይ ነው። በዚያ ስፍራ በማኅፀን ያለውን፣ መልኩ ገና ያልተፈጸመውን አካል ያመለክታል፤ መዝሙረኛውም የእግዚአብሔር ዓይኖች ይህንኑ እንዳዩት ይመሰክራል። ረቢ ዜራ ጎሌሙን በመልሱ ፈተነው፤ እግዚአብሔር ግን ምንም ሳይጠይቅ አስቀድሞ አየው።

አበው ነባቢት ሲሉ ነፍስ የተቀበለችውን ጸጋ እንጂ አንደበት የፈጸመውን ሥራ አይቈጥሩም። እንዲህ ባይሆን ኖሮ የተኛ ሰው እስኪነቃ ድረስ ሰውነቱ ይጠፋ ነበር። እኛም ሕፃናትን የምናጠምቀው ከመናገራቸው በፊት ነው፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ስለ እነርሱ ትመልሳለች። ለሕፃኑ የተዋስነውን አንደበት ለሰባት ዓመቱ ልጅ ለምን ነፈግነው?

ወደዚያች እናት ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጁ ዛሬም አይናገርም፤ ነገር ግን እሑድ እሑድ በፊተኛው ወንበር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል፤ ጥያቄ በደረሰው ጊዜም አጠገቡ ያለው ልጅ ስለ እርሱ ይመልሳል።

የተወደዳችሁ ካቴኪስቶች ሆይ፣ ሕይወትን መስጠት የእኛ ሥልጣን አይደለም። በቁምስናችሁ በር ላይ የማይመልስ ልጅ ቢቆም፣ ምን ይመልሳል ብላችሁ አትፈትኑት፤ ማን እንዳየው አስባችሁ ስፍራ ስጡት።